ለሐረጎ የሚሆን ርካሽ ተሳቢ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከደሴ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም ጋሼ። የ31 ዓመት ሰው ነኝ። ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለችኝ። በርና መስኮት፣ የደረጃ መደገፊያ፣ አንዳንዴም የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እሠራለሁ። ብረት የምገዛው ብዙ ጊዜ ኮምቦልቻ ወርጄ ነው። የሠራሁትንም ኮምቦልቻ ላሉ ደንበኞች አወርዳለሁ። ያለችኝ አሮጌ ደብል ካብ ፒካፕ ናት። ኋላዋ አጭር ስለሆነ ብረቱ ግማሹ ውጭ ይንጠለጠላል። በየጊዜው አይሱዙ መከራየት ደግሞ ትርፌን በላው። ትንሽ ተሳቢ ስፈልግ ሦስት ነገር አገኘሁ። አንዷ ከአዲስ አበባ የመጣች ያገለገለች ናት። ጎማዎቿ ትንንሽ ናቸው፣ ፍሬን የላትም፣ ዋጋዋ ግን ይቀመሳል። ሁለተኛዋን አንድ ሰው የአሮጌ ፒካፕ ኋላ ቆርጦ ነው የሠራት። ‹ጠንካራ ናት፣ ተራራ ብትጭንባት አትሰበርም› ይላል። ሦስተኛው፣ እኔ በያጅ ነኝና ለምን ራሴ አልሠራትም የሚል ሐሳብ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ‹ተሳቢ ምን ያደርግልሃል፣ ባለ ሦስት ጎማ የጭነት ሞተር ግዛ› ትለኛለች። በጀቴ ጠባብ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ አብሽር። የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሦስቱ ተሳቢዎች በደንብ ነግረኸኛል። በአንድ ጊዜ ስንት ኪሎ እንደምትጭን ግን የትም ቦታ የለም። ስለ ዋጋ የሚያወራ ደብዳቤ ውስጥ ሁሉ ኪሎ ይጠፋል። ተሳቢ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ርዝመቷን ያያል፣ ከዚያ ቀለሟን፣ ከዚያ ዋጋዋን። ሚዛኑ የሚታወሰው ዳገት መሀል ላይ ነው።

ያንተ ዕቃ ደግሞ ለስሌት የተመቸ ነው። አሸዋ ቢሆን ደረቁና እርጥቡ ይለያይብሃል። ብረት ግን የትም ብረት ነው፣ ርዝመቱና ውፍረቱ ከታወቀ ክብደቱ ይታወቃል። 40 በ40 ሚሊ የሆነ፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ተኩል የሆነ ቱቦላሬ፣ ማለትም ውስጡ ባዶ የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ብረት፣ ባለ 6 ሜትሩ 11 ኪሎ ገደማ ነው። 60 በ40 ባለ 2 ሚሊው 18 ኪሎ ይደርሳል። 1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ሚሊ ተኩል ላሜራ 23 ኪሎ ተኩል ነው። ባለ 12 ፌሮ፣ ሙሉው 12 ሜትር፣ 10 ኪሎ ከ700 ግራም ነው።

እንግዲህ ቁጠር። 30 ቱቦላሬና 10 ላሜራ ገዛህ እንበል። ቱቦላሬው 330 ኪሎ፣ ላሜራው 235 ኪሎ ነው። ማጠፊያው፣ ቁልፉ፣ የብየዳ ኤሌክትሮዱ፣ የቀለሙ ቆርቆሮ ሲጨመር 600 ኪሎ ሞላ። 6 ኩንታል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዘው፣ ከዚህ በኋላ የምነግርህ ሁሉ በእሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሌላ የምትይዘው ቁጥር 750 ነው። በአውሮፓም ሆነ በአውስትራሊያ ሕግ፣ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ የሚያልፍ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ብዙ ፒካፖችም ማኑዋላቸው ላይ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተጻፈው ጣሪያ ይኸው 750 ነው። ያንተን መኪና ማኑዋል ማየት አለብህ፣ አሮጌ ከሆነች ደግሞ ከተጻፈው ዝቅ አድርገህ አስብ። ልብ በል፣ 750 የጭነቱ ብቻ አይደለም። የተሳቢዋ የራሷ ክብደትም አብሮ ይቆጠራል። ባዶዋን 300 ኪሎ ከሆነች የሚቀርህ 450 ነው። ያንተ 600 አይገባም።

«እዚህ አገር ማን ይመዝነኛል?» እንደምትል አውቃለሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ይመዝንሃል።

መንገዱን ካንተ በላይ አላውቀውም፣ ግን በቁጥር እንየው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ትወጣለህ። ስትወጣ ሞተሩ ነው የሚጨነቀው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ጉልበቱ ወደ አሥር በመቶ ይቀንሳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ባሕር አጠገብ 80 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና እኛ ጋ 60 ይዛ ነው የምትሠራው። ቀሪው ሀያ አየር ማጠር ነው። እንደ ሰው።

መውረዱ ግን ሌላ ነው። ፒካፕህና የተጫነች ተሳቢ አንድ ላይ ሁለት ቶን ተኩል ቢሆኑና ያን ሁሉ ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ይዘህ ብትወርድ፣ ፍሬንህ ውስጥ የሚገባው ሙቀት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ነው። ያ ሁሉ እሳት አራት እግር ላይ ይሰበሰባል፣ ተሳቢዋ ፍሬን ከሌላት አምስተኛና ስድስተኛ የሚያግዝ የለም። ለዚህ ነው የድሮ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት። አንተ ደግሞ የሠራኸውን በርና መስኮት ወደ ኮምቦልቻ የምታወርድ ሰው ነህ። ሰው ቁልቁለቱን ባዶውን ይወርዳል፣ አንተ ጭነህ ትወርዳለህ።

አሁን ወደ አማራጮችህ።

የአዲስ አበባዋን ተዋት። ዋጋዋ ጥሩ መሆኑ ገብቶኛል፣ ጎማዎቿ ግን ለኛ መንገድ የተሠሩ አይደሉም። ባለ 8 ኢንች ቸርኬ ያላት ትንሽ ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 750 ጊዜ ያህል ትዞራለች። የፒካፕህ ጎማ ያንኑ መንገድ 480 ጊዜ ገደማ ዞሮ ይጨርሰዋል። ትንሿ በዞረች ቁጥር ውስጧ ያለው የማዞሪያ ብረት፣ ኩሽኔታዋ፣ አብሯት ይዞራል፣ ይሞቃል፣ ግራሶው ይቀልጣል። ጉድጓድ ውስጥ ስትገባም ትልቁ ጎማ የሚዘለውን እሷ ሙሉ ለሙሉ ትወድቅበታለች። ኮብል ላይ ደግሞ ጥርስ ታራግፋለች። ብትፈነዳብህ አመሻሽ ላይ የእሷን ቁጥር ጎማ የት ታገኛለህ? ከአስፋልት ለማትወጣ፣ ሜዳ ከተማ ውስጥ ፍራሽና ወንበር ለምታመላልስ ሰው ትሆናለች።

የፒካፕ ኋላዋን በተመለከተ ሰውየው አልዋሸህም። ጠንካራ ናት። ችግሯ ያ ነው። ሻንሲዋ፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት ባሌስትራዋ፣ ብዙ ጊዜም ዲፈረንሲያሉ ከነሆዱ እንዳለ አለ። ባዶዋን 400 ኪሎ ብትደርስ አይገርመኝም። ለጭነት የሚተርፍህ 350 ብቻ ይሆናል። ተራራ ቀርቶ የአንድ ቀን ገበያህንም አትይዝም። እሷ ላይ 600 ከጫንክ 1,000 ኪሎ ያለ ፍሬን ትጎትታለህ ማለት ነው። ባሌስትራዋም የተሠራው ለሙሉ መኪና ስለሆነ ባዶ ስትሄድ እንደ ፍየል ትዘላለች። ከቀረችህ አይቆጭህ።

እኔ አንዴ በቀለም ተታልዬ አውቃለሁ። ቤት ስሠራ ብሎኬትና አሸዋ ለማመላለስ ብዬ አንዲት ተሳቢ ገዛሁ። አዲስ ቀለም ተቀብታ ሰማያዊ ሆና ስታበራ ልቤን ወሰደችው። ኩሽኔታዋን ከፍቼ እንኳ አላየሁም። ጊዜው ነሐሴ ነበር። አሸዋ ጫንኩ፣ በአካፋ ነው የለካሁት፣ ዝናብ የጠገበ አሸዋ መሆኑን ማን አስቦት። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ እንኳ አንድ ቶን ተኩል ገደማ ነው። ሐረጎን ግማሽ ያህል እንደወጣሁ የሆነ ነገር ሸተተኝ። ፍሪሲዮኑ ነው ብዬ ቀጠልኩ። አንድ እረኛ ልጅ ከመንገዱ ዳር ሆኖ እጁን አወዛወዘ። «ጋሼ! እግሩ እየጨሰ ነው!» አለኝ። ወርጄ ሳይ የግራው ጎማ ወደ ውስጥ ተጋድሟል። ኩሽኔታው ተቃጥሎ ብረት በብረት እየተፋጨ ነበር። ልጁ በጀሪካን ውሃ አምጥቶ ሊደፋበት ሲል ነው የያዝኩት፣ የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋ ይሰነጠቃል። ያን አሸዋ በጭጋግ ውስጥ፣ በእጄ፣ ወደ ሌላ መኪና ገለበጥኩት። ከአሸዋው ዋጋ በላይ ከፈልኩ። ተሳቢዋን የሸጠልኝ ሰው እስካሁን ሲያገኘኝ «እንዴት ናት ልጅቷ?» ይለኛል።

ስለዚህ ምክሬ፣ ራስህ ሥራት። ግን እንደ በያጅ አትሥራት።

ምን ማለቴ ነው? በያጅ ሲጠራጠር ብረት ይጨምራል። በር ላይ ይህ ጥሩ ነው፣ በር አይሄድም። ተሳቢ ላይ ግን የምትጨምረው እያንዳንዱ ኪሎ ከጭነትህ ይቀነሳል። ወለሉን ውሰድ። 1 ሜትር ከ25 በ2 ሜትር ተኩል የሆነ ወለል ባለ 4 ሚሊ ላሜራ ብታለብሰው ወደ 98 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ኩንታል! በ2 ሚሊ ላሜራ ብትሠራው 49 ይሆናል። ባለ 18 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ብታደርገው ወደ 35 ኪሎ ይወርዳል፣ ብረትህንም አያንሸራትትም፣ ሲበሰብስ ደግሞ ነቅለህ ትቀይረዋለህ። ጎኖቿንም በላሜራ አትዝጋ። ብረት ነው የምትጭነው፣ አሸዋ አይደለም። በአራቱም ማዕዘን ላይ የሚነቀሉ ቋሚዎችና ማሰሪያ ቀለበቶች ይበቁሃል። ባዶዋን ከ200 እስከ 220 ኪሎ ካደረስካት ጎበዝ ነህ።

አክስሉን፣ ሁለቱን ጎማ የሚያገናኘውን ብረት፣ ግን አትሥራ። ግዛ። ከተገለበጠ ወይም ከተፈታ መኪና የወጣ፣ ከፊት የሚጎተት መኪና የኋላ አክስል ፈልግ። ዲፈረንሲያል የለውም፣ ቀላል ነው፣ ብዙ ጊዜም ታምቡር ፍሬኑ አብሮት አለ። ጎማውን በእጅህ አሽከርክረህ አድምጥ፣ ይንኮሻኮሻል ወይ? ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው፣ ይላወሳል ወይ? የአክስሉን ብረት መሀሉን አትበይድ፣ የባሌስትራን ብረት ደግሞ ጭራሽ እሳት አታስነካው። ባሌስትራ በሙቀት የተሰጠውን ጥንካሬ በሙቀት ያጣል። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር በዩ ቡሎን እሰረው። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅ፣ መላላታቸው አይቀርም።

ከተቻለ የአክስሉ መጫኛ ከፒካፕህ ቸርኬ ጋር የሚገጥም ይሁን። የቡሎኑ ቁጥርና የመሀል ርቀቱ አንድ ከሆነ አንድ ስኮርታ ለሁለቱም ይሠራል። ባይገጥም ለተሳቢዋ የራሷ ስኮርታ ትያዝ። ጎማው ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር አንብብ። 84 ካለ አንዱ ጎማ 500 ኪሎ ይሸከማል፣ 75 ካለ 387 ብቻ ነው። ከ84 በታች አትግዛ። በተጨማሪ አራት ቁጥር የታተመበት ቦታ አለ፣ ለምሳሌ 3519 ቢል በ2019 በ35ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። በፈረንጅ መሆኑን እንዳትረሳ። አንድ ወዳጄ በኛ አቆጣጠር መስሎት «ጎማው ገና አልተመረተም» ብሎ ጎሚስታውን ሲከራከር ደርሻለሁ።

አሁን ዋናው፣ መጎተቻው። ነጠላ ብረት ከመሀል አውጥተህ አትሂድ። ሁለት ክንድ አድርገህ ከፊት መንጠቆው ላይ አገናኛቸው፣ ከኋላ ደግሞ ወለሉ ፊት ላይ አይቁሙ፣ ከሥር ገብተው እስከ ባሌስትራው መያዣ ድረስ ይሂዱ። ክንዶቹ ከፊተኛው አግዳሚ ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ አቋርጠህ አትበይድ። ተሳቢ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው እዚያ ነው። በየጉድጓዱ ላይና ታች ሲታጠፍ ስንጥቁ ከብየዳው ጫፍ ይጀምራል። በርዝመቱ በይድ፣ ወይ ደግሞ በላሜራ ደግፈህ በቡሎን እሰር። በየወሩ እዚያ ቦታ ላይ ጭቃውን ጥረግና ተመልከት። ቀጭን የዝገት መስመር ካየህ ስንጥቅ ነው። ቱቦላሬ ከተጠቀምክ ደግሞ ከሥር ትንሽ ቀዳዳ ተውለት፣ የደሴ ዝናብ ውስጡ ገብቶ ካልወጣ ከውስጥ ይበላዋል።

አክስሉ የት ይቀመጥ? መሀል አይደለም። ከወለሉ መሀል ትንሽ ወደ ኋላ። ስትጭን ከክብደቱ ስድስት እጁ ከአክስሉ ፊት፣ አራት እጁ ከኋላ ይሁን። ኋላ ከከበደ ተሳቢዋ የፒካፑን ኋላ ወደ ላይ ታነሳለች፣ ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ እንደ ውሻ ጭራ ትወዛወዛለች። ያን ጊዜ ሰው ደንግጦ ፍሬን ይረግጣል፣ ያኔ ነው የሚገለበጠው። እግርህን ከነዳጅ ላይ አንሳ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ ራሷ ትረጋለች። ትክክል መጫንህን ለማወቅ መንጠቆዋን ሳታያይዝ በፊት በሁለት እጅህ ብድግ አድርጋት። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ የማንሳት ያህል ከከበደችህ ደህና ናት። 50፣ 60 ኪሎ ማለት ነው። በአንድ እጅ ከተነሳች ኋላዋ ከብዷል። ካልተነሳችልህ ፊቷ በዝቷል። ማረጋገጥ ከፈለግክ የእህል ሚዛን ላይ መንጠቆዋን አሳርፋት።

መንጠቆው የሚቀመጥባትን የፒካፑን ኳስም ለካ፣ በዓይን ሳይሆን በካሊፐር። ብዙው ዓለም የሚጠቀመው 50 ሚሊ ሜትር ነው። የአሜሪካ ዕቃ ከሆነ ግን 47.6 ሚሊ ሜትር የሆነችም አለች። ትልቁ የመንጠቆ ጽዋ ትንሿ ኳስ ላይ ይቀመጣል፣ የገጠመ ይመስላል፣ ጉድጓድ ላይ ግን ይዘላል። ለዚያ ቀን ሁለት ሰንሰለት በመስቀል አድርገህ ከሥሩ እሰር። መንጠቆው ቢያመልጥ ክንዱ ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል እንጂ አስፋልት አይወጋም።

ስለ 6 ሜትሩ ብረት ልንገርህ፣ ምክንያቱም ልታደርገው ያሰብከው ይታየኛል። ፊቱን የፒካፑ ጋቢና ላይ፣ ኋላውን ተሳቢዋ ላይ ልታጋድመው ነው። በፍጹም። መኪናዋና ተሳቢዋ መታጠፊያ ላይ የየራሳቸውን አቅጣጫ ይይዛሉ። ብረቱ ግን አይታጠፍም። ወይ ጋቢናህን ይቦጭቃል፣ ወይ ማሰሪያውን በጥሶ የሚመጣውን መኪና ይመታል። ሐረጎ ላይ ደግሞ የሚመጣው መኪና ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ ዞሮ የመጣ ባለ 40 ቶን ነው። ብረቱ ወይ ሙሉ በሙሉ ተሳቢዋ ላይ ይሁን፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ፒካፑ ላይ።

መፍትሔው ከገዛህበት ቦታ ማስቆረጥ ነው። መስኮት የምትሠራ ሰው 6 ሜትር ሙሉ የምትፈልገው ለምን ያህል ሥራ ነው? ከመውረድህ በፊት ልክህን ጽፈህ ሂድ፣ ግማሹን በ3 ሜትር አስቆርጠው። የግድ ሙሉ የሚያስፈልግህ ሲኖር ያንን ብቻ ለሚመላለስ አይሱዙ ስጠው። ላሜራውን ደግሞ ተሳቢዋ ላይ አትጫነው። ጠፍጣፋና ከባድ ነው፣ 2 ሜትሩን የፒካፑን የኋላ በር ዘርግተህ አስተኛው። 235ቱ ኪሎ ወደ ፒካፑ ሄደ። ተሳቢዋ ላይ 365 ቀረ። የራሷ 220 ሲደመር 585 ሆነ። አየህ? ከ750 በታች ገባህ። በሥጋት የጀመርነው 600 ኪሎ በፒካፑና በተሳቢዋ ሲከፈል ተነፈሰ። የተዘረጋው የኋላ በር መታጠፊያ ላይ የተሳቢዋን ጥግ እንዳይነካ ክንዶቹን በዚያ ልክ አርዝማቸው።

አክስሉ ፍሬን ይዞ ከመጣልህ እና አቅምህ ከፈቀደ ግፊት ፍሬን ብታስገባላት አልቃወምም። መኪናዋ ስትቀንስ ተሳቢዋ ወደ ፊት ትገፋለች፣ ግፊቱ ራሱ ፍሬኑን ይስባል። ግን ሁለት ነገር እወቅ። ወደ ኋላ ሽቅብ ስትሄድ ያው ግፊት ፍሬኑን ይይዘዋል፣ የደሴ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ወደ ኋላ ሽቅብ ያልሆነ ግቢ የት አለ? ማላቀቂያ ያለው ፈልግ። ረጅም ቁልቁለትም ላይ በማርሽ ስትይዝ ተሳቢዋ ያለማቋረጥ ስለምትገፋ ታምቡሯ ይግላል። መሀል ላይ ቦታ ሲገኝ ቁም፣ አስተንፍሳት፣ የጎማውን መሀል፣ ሞዞውን፣ በእጅህ ጀርባ ቅረበው። እጅህ ካልቻለው ወይ ፍሬኑ ግሏል፣ ወይ ግራሶው ወይም ኩሽኔታው ችግር አለበት።

መብራቱን የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሥራልህ፣ ስቶፕ፣ ፍሬቻ፣ የሌሊት። ሐረጎ ክረምት ላይ በቀንም ሌሊት ነው። ስትቆም ጎማ ሥር የምታስገባው ከእንጨት የተሠራ ታኮ ያዝ። ድንጋይ አትጠቀም፣ ከተጠቀምክም አንስተህ ሂድ። ሾፌር ጥሎት የሄደውን ድንጋይ ማታ ላይ ሞተር ሳይክል ያገኘዋል።

ወረቀቱን ግን ከብየዳው በፊት ጨርስ። ተሳቢ የራሱ ሰሌዳ ያለው ተሽከርካሪ ነው። መጀመሪያ ተሽከርካሪ የሚመዘግበው ቢሮ ሂድ፣ ልትሠራ ያሰብከውን ሥዕል ይዘህ። ምን ልኬት፣ ምን መብራት፣ የአክስሉን ምን ሰነድ እንደሚፈልጉ፣ መንጃ ፈቃድህም ለመጎተት ይበቃ እንደሆነ ጠይቅ። አክስሉን ስትገዛ ደረሰኝ ወይም ውል ያዝ። ኢንሹራንስህም ተሳቢዋን ማወቅ አለበት። ሠርተህ ከጨረስክ በኋላ «አይሆንም» ቢሉህ የምታስቀምጣት ግቢህ ነው፣ ዶሮ ይወጣባታል። እና የራስህን ዕቃ ብቻ ጫን። ጎረቤት «ሲሚንቶ አምጣልኝ፣ እከፍልሃለሁ» ሲልህ በግል ሰሌዳ የኪራይ ሥራ መሥራት ሌላ ጣጣ ነው።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ከተማ ውስጥ ብቻ ብትሠራ ኖሮ እውነቷን ነው። ከሰኞ ገበያ ቧንቧ ውሃ ለመመላለስ ባለ ሦስት ጎማዋን የሚያክል የለም፣ ነዳጇም ትንሽ ነው። 6 ኩንታል ጭና ሐረጎን ስትወጣ ግን ኋላዋ ያለው ሰልፍ እስከ ቦርከና ይደርሳል። መውረዱን አላወራም። ይህን ስትነግራት ግን ቀስ ብለህ። የሷም ሐሳብ ከቁጠባ የመጣ ነው።

እና ከሁሉ በፊት አንድ የቤት ሥራ። ያለፉትን ሁለት ወራት ደብተርህን አውጣና ስንት ጊዜ ኮምቦልቻ እንደወረድክ፣ ለአይሱዙ ስንት እንደከፈልክ ደምር። ከሱ ላይ የፒካፕህን ነዳጅ ቀንስ፣ ተሳቢ ስትጎትት ነዳጅ ይጨምራልና ከወትሮው አብዝተህ ያዝ። የሚተርፈው ገንዘብ የአክስሉን፣ የጎማውን፣ የመብራቱንና የወረቀቱን ወጪ በአንድ ዓመት ውስጥ የማይመልስ ከሆነ ተሳቢውን ተወውና ከሌላ ብረታ ብረት ቤት ጋር ሆናችሁ አንድ አይሱዙ ተጋሩ። በወር ሁለቴ ብቻ የምትወርድ ከሆነ መልሱ ይኸው ይመስለኛል። በሳምንት ሁለቴ ከሆነ ግን ሥራት።

ወደ ኋላ መንዳቱን ለመለማመድ እሁድ ጠዋት ሜዳ ፈልግ፣ ባዶዋን። መሪውን ከታች በኩል ያዝ፣ ያን ጊዜ እጅህ ወደሄደበት የተሳቢዋ ኋላም ይሄዳል። የመጀመሪያው ቀን ትበሳጫለህ። በስፖኪዮ እንድትታይህም ወርዷ ከፒካፑ ብዙ አይለፍ።

ሥዕሉን ስትጨርስ ላክልኝ። ከላይ የታየውን ሳይሆን ከጎን የታየውን፣ አክስሉና መንጠቆው ያለበትን። ርቀቱንም በሴንቲ ሜትር ጻፍበት።